የጠመንጃ መነጽርና ዋጋው

ለአደን የሚዘጋጅ ሰው ጠመንጃውን ከገዛ በኋላ፥ በጠመንጃው ጀርባ ላይ የሚታሰረውን አጕሊ መነጽር ፍለጋ ወደ ነጋዴው ሱቅ ቢገባ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስደነግጠው የዋጋው ልዩነት ነው። ባንዱ መደርደሪያ ላይ ከመቶ ዶላር ብዙ የማይበልጥ መነጽር ተቀምጧል። በሌላው መደርደሪያ ላይ ደግሞ መልኩም ርዝመቱም ከዚያኛው እምብዛም የማይለይ፥ ዋጋው ግን ጠመንጃውን ራሱን ሁለት ጊዜ ሊገዛ የሚችል ሌላ መነጽር አለ። ገዢው ሁለቱን ተራ በተራ እያነሣ በበሩ በኩል ወደ መንገዱ ማዶ ቢመለከትባቸው፥ በቀትር ብርሃን ሁለቱም ያንኑ ግድግዳና ያንኑ ዛፍ ያሳዩታል። ነጋዴው ስለ ውዱ ዕቃ የሚናገረው ብዙ ነው፤ ገዢው ግን እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ቆሞ ያስባል።

እኛም በዚህ ጽሑፍ ከዚህ ገዢ ጐን ጥቂት ለመቆም አስበናል። ነገሩ የአንድ ሰው የኪስ ጕዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም፥ ከ170 ዓመት በላይ አዳኞችም የጦር አዛዦችም መንግሥታትም የተከራከሩበት፥ አንዳንዶቹም ዋጋውን በገንዘብ ሳይሆን በሰው ሕይወት የከፈሉበት ጕዳይ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ መነጽር ለተኳሹ ምን እንደሚያደርግለት መናገር ይገባል። አባቶቻችን በውጅግራም፥ በለበንም፥ በምንሽርም ሲተኵሱ ዒላማቸውን የሚይዙት በብረት ማነጣጠሪያ ነበር። ተኳሹ በአፈሙዙ ጫፍ ያለችውን ጕጥ ከወደ ኋላ ባለው ስንጥቅ መካከል አግብቶ፥ ሁለቱን ከሚመታው ነገር ጋር በአንድ መሥመር ያውላል። ይህ ለወጣት ቀላል ሆኖ ቢታይም ለዓይን ከባድ ሥራ ነው፤ የሰው ዓይን በቅርብ ያለውን ስንጥቅ፥ ራቅ ብላ ያለችውን ጕጥና በሁለት መቶ ሜትር ላይ የቆመውን አውሬ በአንድ ጊዜ አጥርቶ ሊያይ አይችልምና። አንዱን ሲያጠራ ሌላው ይደበዝዝበታል፤ ዕድሜ ሲገፋም ድብዘዛው ይብሳል። መነጽሩ እነዚህን ሦስቱን አንድ ያደርጋቸዋል። በውስጡ ያለው የመስቀል ምልክትና የአውሬው ምስል በአንድ ስፍራ ስለሚታዩ፥ ለተኳሹ የሚቀረው መስቀሉን ካሰበው ቦታ ላይ ማሳረፍ ነው። ብዙ ሰው የመነጽር ጥቅም ሩቁን ማቅረብ ብቻ ይመስለዋል። እንደ እኛ አስተያየት ግን ዋነኛው ጥቅሙ ዓይንን ከሦስት ሥራ ወደ አንድ ሥራ ማሳረፉ ነው። ይህም ጥቅም በርካሹ መነጽር እንደሚገኝ ሁሉ በውዱም የሚገኝ ነው።

መነጽርን በጠመንጃ ላይ አስሮ መተኰስ መጀመሪያ በጽሑፍ ተገልጾ የምናገኘው በአሜሪካ ነው። ጆን ቻፕማን የተባለ መሐንዲስ በ1844 ስለ አሜሪካ ጠመንጃ በጻፈው መጽሐፍ፥ በኒው ዮርክ ግዛት በዩቲካ ከተማ ሞርገን ጄምስ የተባለ ጠመንጃ ሠሪ ያበጀውን መነጽር ገለጸ። በ1855 በዚያው ግዛት በሲራክዩዝ ከተማ ዊልያም ማልኮም የመነጽር ሥራ ጀመረ፤ የምስሉን ዳር እንደ ቀስተ ደመና የሚያቀልመውን ጕድለት የሚያስወግድ ድርብ መስተዋትም አገባበት። የዚያን ጊዜ መነጽር ቀጭን የብረት ቱቦ ሆኖ ርዝመቱ ከበርሜሉ ጋር የሚተካከል ነበርና፥ ዛሬ በሥዕል ስናየው ጠመንጃው ሁለት በርሜል ያለው ይመስላል።

ይህን ረጅም ቱቦ ከገዙት መካከል ዋጋውን በትክክል ሊያሰሉት የቻሉት የጎሽ ቆዳ ነጋዴዎች ናቸው። በ1870ዎቹ በአሜሪካ ሜዳ ላይ ባይሰን የሚባለውን ጎሽ ለቆዳው የሚገድሉ ሰዎች፥ አንዱን ቆዳ በሦስት ዶላር ገደማ ይሸጡ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሰው መነጽር ጌጥ አይደለም፤ እንደ ገበሬ ማረሻ የሥራ መሣሪያ ነው። ከሩቅ ሆኖ መንጋውን ሳያስበረግግ በተኰሰ ቍጥር ባሩድና እርሳስ ይተርፈዋል፥ ቆዳውም ይበዛለታል። ስለዚህ አንዳንዶቹ የማልኮምን መነጽር በከባዱ ጠመንጃቸው ላይ አሰሩ፤ ብዙ ቆይተውም ዋጋውን መለሱ። ዊልያም ሆርናዴይ የተባለው የአራዊት ሊቅ በ1889 መጀመሪያ ላይ የቀሩትን ጎሾች ቢቈጥር፥ በመላው የሰሜን አሜሪካ ምድር በዱርም በበረትም ያሉት ተደምረው 1,091 ብቻ ሆኑ። ለጥፋቱ ምክንያቱ መነጽሩ ብቻ ነው አንልም፤ አብዛኛው ጎሽ የወደቀው በብረት ማነጣጠሪያ ነው። ነገር ግን በነጋዴዎቹ የሒሳብ መዝገብ ላይ የባሩድ፥ የእርሳስና የመነጽር ዋጋ ሲጻፍ፥ የቀረው ጎሽ ቍጥር የሚጻፍበት ዐምድ እንዳልነበረ ሳናስተውል ለማለፍ አልፈለግንም።

መንግሥታትም ይህንኑ የዋጋ ክርክር በሌላ መልኩ አዩት። በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለው ታላቅ መሐንዲስ የውስጡ ቀዳዳ ስድስት ማዕዘን የሆነ ጠመንጃ ሠርቶ ነበር። በ1857 በተደረገው ፈተና ይህ ጠመንጃ በዘመኑ የእንግሊዝ ሠራዊት ይይዘው ከነበረው ከኤንፊልድ እጅግ በልጦ ተገኘ። በ1860 ንግሥት ቪክቶሪያ የዊምብልደንን የተኩስ ውድድር ሲከፍቱ፥ በማስቀመጫ ላይ የተደላደለውን የዊትዎርዝ ጠመንጃ በገመድ ስበው ከ400 ያርድ ላይ የዒላማውን መካከል ከሦስት ሳንቲሜትር ብዙ በማይበልጥ ስሕተት መቱት። ይሁን እንጂ መንግሥቱ ጠመንጃውን ለሠራዊቱ አልገዛም። አንዱ ምክንያት የባሩዱ ጥላሸት ቀዳዳውን ፈጥኖ ስለሚዘጋው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዋጋው ከኤንፊልድ አራት እጥፍ ያህል ስለሆነ ነው። እኛ ይህን ውሳኔ ስሕተት ነው ለማለት አንደፍርም። ለመቶ ሺሕ ወታደር የሚገዛ መንግሥት የሚያስፈልገው የተሻለው ጠመንጃ ሳይሆን የሚበቃው ጠመንጃ ነው።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡቡ ወገን ከእነዚሁ ጠመንጃዎች ጥቂቶቹን ብቻ በድብቅ በመርከብ አስገብቶ ለተመረጡ አላሚዎች አከፋፈላቸው፤ አንዳንዶቹም ዴቪድሰን የተባለው እንግሊዛዊ መኰንን ያበጀው መነጽር በጐናቸው ታስሮባቸው ነበር። ግንቦት 9 ቀን 1864 በስፖትሲልቫንያ የሰሜኑ ጄኔራል ጆን ሴጅዊክ ወታደሮቹ ከሩቅ ለሚመጣው ጥይት ጐንበስ ጐንበስ ሲሉ አይቶ፥ ከዚህ ርቀት ዝሆን እንኳ ሊመቱ አይችሉም ብሎ አሾፈባቸው። ጥቂት ሳይቆይ ከዓይኑ በታች ተመትቶ ወደቀ። የመታው የዊትዎርዝ ጥይት ነው ተብሎ በሰፊው ይነገራል። እንግዲህ አንደኛው መንግሥት ለሁሉ ሊገዛው ያልፈቀደውን ሌላው ለጥቂቶች ገዝቶ ተጠቀመበት። ሁለቱም ሒሳባቸውን አልሳቱም።

ከዚህ በኋላ የመነጽሩ ታሪክ ወደ መካከለኛው ኤውሮጳ ደን ይሻገራል። በቪየና ካርል ካህለስ በ1898 የመሠረተው ቤት በ1904 ቴሎራር የሚባለውን የአደን መነጽር አወጣ። የጀርመንና የኦስትሪያ አዳኞች እንዲህ ያለውን ዕቃ ከሌሎቹ ቀድመው የወደዱበት ምክንያት ርቀት አይደለም። ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ተኩሱ ቅርብ ነው። ነገር ግን አጋዘኑና የዱር እሪያው ከደን የሚወጡት ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በዚያች ሰዓት የብረቷ ጕጥ በጨለማው ውስጥ ትጠፋለች፤ ጥሩ መስተዋት ግን ዓይን ብቻውን ሊያየው የማይችለውን ቀንድ ይለያል። በዚያው ዘመን ብዙዎች የእንግሊዝ መኳንንት መነጽርን ከጨዋ አደን የማይቈጠር አድርገው ይንቁት ነበር። ይህ ንቀት ጥቂት ዓመት ቆይቶ የሚያስከፍላቸውን ዋጋ ማንም አላሰበውም።

በ1914 የተጀመረው ጦርነት በጕድጓድ ምሽግ ውስጥ ሲወሰን፥ የጀርመን አዳኞች መነጽር ከደን ወጥቶ ወደ ጦር ግንባር ሄደ። የራቲቦር መስፍን መነጽር ያላቸውን የአደን ጠመንጃዎች ከየቤቱ እየሰበሰበ ለሠራዊቱ እንዳስረከበ ተጽፏል። በእንግሊዞች ምሽግ ውስጥ ራሱን ብቅ ያደረገ ሁሉ በአድብቶ ተኳሽ ጥይት ይወድቅ ጀመር። እንግሊዞች ግን መልሰው የሚተኵሱበት መነጽር እጅግ ጥቂት ነበራቸው።

በ1915 ሄስኬት ፕሪቻርድ የተባለ ሰው ጋዜጠኞችን የሚመራ መኰንን ሆኖ ወደ ፈረንሳይ ተላከ። ይህ ሰው ደራሲና የታወቀ የክሪኬት ተጫዋች ሲሆን፥ በፓታጎንያና በላብራዶር በረሃ ያደነ አዳኝም ነበር። ወደ ምሽጎቹ በሄደ ቍጥር መነጽር የታሰረባቸውን የራሱን የአደን ጠመንጃዎች ይዞ እየሄደ ለወታደሮች ያውሳቸው ነበር። ከገዛ ገንዘቡም፥ ከወዳጆቹም እየለመነ ሌሎች መነጽሮች ያስገዛ ጀመር። ይህን ሲያደርግ ግን ከመነጽር እጥረት የሚብስ ነገር አገኘ። በመንግሥት ገንዘብ ተገዝተው ቀደም ብለው በየሻለቃው ከደረሱት መነጽሮች የሚበዙት ጥይታቸውን የሚልኩት መስቀላቸው ወዳረፈበት ሳይሆን ወደ ሌላ ስፍራ ነበር።

ምክንያቱን ለማወቅ አስቸጋሪ አልነበረም። መነጽሩ ሲታደል አሠራሩን የሚያስተምር ሰው አብሮ አልታደለም። ጠመንጃው በጭቃ ውስጥ ተጥሎ፥ በጭነት ሠረገላ ላይ ተንገላቶ፥ ብሎኑ ላልቶ ከአንድ ወታደር ወደ ሌላ ወታደር ይተላለፍ ነበር። ተቀባዩም መነጽር ያለው ጠመንጃ ከቶ ሊስት የማይችል መስሎት፥ በብርቱ ዒላማ ላይ ሞክሮ ሳያረጋግጥ ወደ ቦታው ይገባል። ሰባት ስምንት ጊዜ ተኵሶ ሁሉንም ሲስት በራሱ እጅ ያሳብባል፤ ጠላት ግን ከየት እንደ ተተኰሰ አይቶታል። የብረት ማነጣጠሪያ የያዘው ጓደኛው ቢያንስ ጠመንጃው የት እንደሚመታ ያውቃል። እንግዲህ ውዱ ዕቃ ሲበላሽ ርካሹን ያህል እንኳ አላገለገለም፤ የያዘውን ሰው ለሞት አሳልፎ የሚሰጥ ሆነ።

ሌላም ጕድለት ነበር። ጥይቱ ከላይ በቀላሉ እንዲጐርስ ሲባል በመንግሥቱ ጠመንጃ ላይ መነጽሩ የታሰረው በግራ ጐን ነው። ይህ በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያስብ ሰው መልካም ይመስላል። በምሽግ ውስጥ ግን ወታደሩ የሚተኵሰው በብረት ሰሌዳ ላይ በተበሳች ጠባብ ቀዳዳ በኩል ነው። አፈሙዙ በቀዳዳዋ ሲገባ በጐን ያለው መነጽር የሚያየው ብረቱን ብቻ ሆነ። ይህን ስናነብ፥ ዕቃውን የሚገዛው ሰው ዕቃው የሚሠራበትን ስፍራ አንድ ቀን ቢያይ ኖሮ ብለን ማዘናችን አልቀረም፤ ነገሩ በመነጽር ብቻ የሚደርስ እንዳልሆነ በመሥሪያ ቤት የሚያገለግል አንባቢያችን ያውቀዋል።

ፕሪቻርድ ከዚያ በኋላ ከሻለቃ ወደ ሻለቃ እየዞረ መነጽሮቹን በዒላማ ላይ እያስተኰሰ ያስተካክል ጀመር። ጀርመኖቹ የሚሸሸጉበትን የብረት ሰሌዳ ተራ ጥይት አልበሳው ቢለው፥ ለታላላቅ አውሬ ተብሎ የተሠራውን የጄፈሪን ጠመንጃ አምጥቶ በሳው። አድብቶ ተኳሹ ያለበትን ስፍራ ለማወቅም ከወረቀት የተሠራ የሰው ራስ በምሽጉ አፋፍ ላይ ያስነሣ ነበር። ጥይቱ ራሱን ከፊት ወደ ኋላ ሲበሳው፥ ያንን ራስ በልክ ዝቅ አድርጎ በሁለቱ ቀዳዳዎች መሥመር በፔሪስኮፕ ይመለከታል፤ መሥመሩም ወደ ተኳሹ ጕድጓድ ይመራዋል። ይህ ብልኀት ዋጋው ጥቂት ወረቀትና ሙጫ ነው። በ1916 በሊንጌም መንደር የተቋቋመው ትምህርት ቤቱ አንድ መነጽር ከመታደሉ በፊት የሚይዘውን ሰው ማሠልጠን ጀመረ። ፕሪቻርድ ከጦርነቱ በደረሰበት ሕመም ማቅቆ በ1922 በ45 ዓመቱ ሞተ።

ከጦር ሜዳው ወደ አደኑ ስንመለስ ያለ መነጽር ስማቸውን ያስጠሩ ሰዎች መኖራቸውን መሸሸግ አይገባንም። የስኮትላንዱ ተወላጅ ዎልተር ቤል በሕይወቱ 1,011 ዝሆን እንደ ገደለ ጽፏል። ይህ ሰው ወደ አገራችንም መጥቶ በጎሬ በኩል ወደ ምዕራቡ ቆላ ወርዶ በጊሎ ወንዝ ረግረግ ውስጥ አድኗል። በዘመኑ ዝሆን አዳኞች ሁሉ በታላቅ ዋጋ የሚሠሩ ባለ ሁለት በርሜል ከባድ ጠመንጃዎች ሲይዙ፥ እርሱ አብዛኞቹን የገደለው በጠባቡ በ7 ሚሊሜትር ሞዘር ነው። ገንዘቡን ያላፈሰሰበትን ነገር በድካሙ አሟልቶታል፤ የሞተውን ዝሆን ራስ በመጋዝ እየሰነጠቀ አንጐሉ በየትኛው በኩል እንደሚገኝ አጥንቷል፥ ዝሆኑንም ቀርቦ ይተኵስ ነበር። የቤልን ታሪክ ስናነብ ዛሬ በዚያ ቆላ የቀረውን የዝሆን ቍጥር ማሰባችን አልቀረም፤ ሰውዬው በሥራው ጠቢብ መሆኑን ግን ልንክድ አንችልም።

በህንድ አገር ጂም ኮርቤትም እንዲሁ ነው። በ1907 436 ሰው በልታለች የተባለችውን የቻምፓዋትን ነብር ከገደለ በኋላ፥ የአውራጃው ገዢ በለንደን በሪግቢ ቤት የተሠራ ቀላል ጠመንጃ ሸለመው። በዚህ ጠመንጃ ላይ መነጽር አልነበረም። በ1926 ከ125 ሰው በላይ የፈጀውን የሩድራፕራያግን ግሥላ በገደለ ጊዜም ከጠመንጃው ጋር ያሰረው መነጽር ሳይሆን የእጅ ባትሪ ነበር፤ ሌሊት በዛፍ ላይ ተቀምጦ በቅርብ ርቀት ለሚተኵስ ሰው ከመነጽር ይልቅ ብርሃን ያስፈልገዋልና። የፊንላንዱ ገበሬ ሲሞ ሃይሃ ደግሞ በ1939 እና በ1940 ክረምት ከሶቪየት ሠራዊት ጋር ሲዋጋ ከ500 ሰው በላይ እንደ ጣለ ሲቈጠርለት፥ መነጽርን አውቆ ተወው። መነጽር የሚያነጣጥር ሰው ራሱን ከፍ ማድረግ አለበት፤ መስተዋቱም በፀሐይ ያብለጨልጫል፥ በብርዱም ይደፈናል ይል ነበር።

እነዚህ ሦስት ሰዎች መነጽር ከንቱ መሆኑን ያስረዳሉ ብሎ የሚከራከር አለ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ሦስቱም ለሥራቸው የሚበቃውን ያህል ቀርበው፥ ከልጅነታቸው ጀምረው የለመዱትን መሣሪያ ይዘው ነበር። የእነርሱ ዓይንና ትዕግሥት የሌለው ሰው እነርሱን አብነት አድርጎ በብረት ማነጣጠሪያ በ250 ሜትር ላይ ቢተኵስ፥ የሚያተርፈው ነገር አውሬውን አቍስሎ መስደድ ነው። የቈሰለ አውሬ ጫካ ገብቶ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን በጣር የሚሞት ስለሆነ፥ የመነጽርን ዋጋ በዶላር ብቻ መቍጠር አይቻልም። ለዚህም ነው ጥያቄውን ቀላል አድርገን ማየት ያልወደድነው።

ለተራው አዳኝ በር የከፈተለት በ1930 ዊልያም ዊቨር የተባለው ወጣት አሜሪካዊ ነው። ያወጣው መነጽር ከነማሰሪያው በ19 ዶላር ይሸጥ ነበር። ከጀርመን የሚመጣውን መነጽር ሊገዛ ያልቻለው ገበሬና ሠራተኛ ይህን ገዛ። የዊቨር መነጽር ቱቦው ቀጭን፥ የሚያሳየውም ሜዳ ጠባብ ነው፤ ሊቃውንቱም አላከበሩት ይሆናል። ነገር ግን አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአድብቶ ተኳሾቿ ጠመንጃ ስታዘጋጅ በስፕሪንግፊልዱ ጠመንጃ ላይ ያሰረችው ይህንኑ የዊቨር መነጽር ነበር።

የርካሹ መነጽር ጠላት ከርቀት ይልቅ እርጥበት ነው። በኦሬገን ግዛት ማርከስ ሊዮፖልድ የተባለ መሣሪያ ሠሪ አጋዘን ሊተኵስ ሲል መነጽሩ በውስጡ ጉም ለብሶበት አጋዘኑ እንዳመለጠው፥ ተቈጥቶም ከዚህ የተሻለ እኔ እሠራለሁ እንዳለ ይተረካል። ቤቱ በ1947 ባወጣው መነጽር ውስጥ ያለውን እርጥብ አየር አስወጥቶ ናይትሮጅን የተባለውን ደረቅ ጋዝ ሞላበት፥ ቀዳዳውንም አጥብቆ ዘጋው። ይህ ነገር ለእኛ አገር ሰው በቀላሉ ይገባዋል። እንግሊዛዊው አይቮር ባክስተን በ1908 ከአርሲና ከባሌ ተራሮች ወገን ያገኘውን፥ ሊዴከርም በ1910 ለሳይንስ ዓለም ያስታወቀውን የደጋ አጋዘን ለማደን ፈቃድ አግኝቶ የሚመጣ የውጭ አገር ሰው፥ ከሰዓት በኋላ የሚወርደውን የደጋውን ጉም ያገኘዋል። ለጕዞው፥ ለፈቃዱና ለአጃቢው ያወጣው ገንዘብ ሁሉ በዚያች ደቂቃ ጉም በለበሰ መስተዋት ምክንያት ከንቱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ውኃ የማያስገባ ጠንካራ መነጽር መግዛት ቅንጦት ነው ልንለው አንችልም።

ዋጋው የሚንርበት ሌላው ምክንያት ብርሃን ነው። ብርሃን ከአየር ወደ መስተዋት ሲገባና ከመስተዋት ወደ አየር ሲወጣ በእያንዳንዱ ገጽ ከመቶው አራት ያህሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። በመነጽሩ ውስጥ ዐሥር ገጽ ቢኖር ከገባው ብርሃን ሲሦው በመንገድ ይቀራል። በ1935 አሌክሳንደር ስማኩላ በዛይስ ቤት ሲሠራ መስተዋቱን በስስ ሽፋን መቀባት ይህን ብክነት እጅግ እንደሚቀንስ አሳየ። ዛሬ በእያንዳንዱ ገጽ የሚባክነው ከመቶ አንድ ቢሆን ዘጠና እጅ ያህሉ ያልፋል። ከ66 ወደ 90 መውጣት ሁሉ ሰው የሚያየው ልዩነት ነው። ከ90 ወደ 95 ለመውጣት ግን ዋጋው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል፥ ዓይንም ልዩነቱን ለማወቅ ይቸገራል። በዚያም ላይ የዓይን ብሌን በጨለማ ሲከፈት በወጣትነት ሰባት ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፥ ዕድሜ ሲገፋ ወደ አምስት ይወርዳል። የፊት መስተዋቱ 56 ሚሊሜትር ሆኖ ስምንት እጥፍ የሚያጐላ መነጽር የሚሰጠው የብርሃን ዓምድ ሰባት ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ በስድሳ ዓመቱ ይህን ከባድና ውድ መነጽር የሚገዛ ሰው፥ ገንዘብ ከከፈለበት ብርሃን ግማሽ ያህሉ በብሌኑ ዳር ይፈስበታል። ነጋዴው ይህን አይነግረውም።

ይልቁንም ገዢዎች ሁሉ የሚንቁት ማሰሪያው ነው። መነጽሩ በጠመንጃው ላይ የሚያዝባቸው ሁለት ቀለበቶች በመካከላቸው ዐሥር ሳንቲሜትር አላቸው እንበል። አንዱ ቀለበት የወረቀት ውፍረት ያህል፥ ማለት አንድ ዐሥረኛ ሚሊሜትር ቢንቀሳቀስ፥ ጥይቱ በመቶ ሜትር ላይ ዐሥር ሳንቲሜትር፥ በሦስት መቶ ሜትር ላይ ሠላሳ ሳንቲሜትር ይስታል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ስፍራ ስፋት ከሃያ ሳንቲሜትር ብዙ አይበልጥም። በሦስት ሺሕ ዶላር መነጽር ላይ የሠላሳ ዶላር ልል ማሰሪያ ያደረገ ሰው በ1915 ፕሪቻርድ በጭቃው ውስጥ ያገኘውን ጠመንጃ ገዝቷል።

አሁን በሱቁ ውስጥ ወደ ተውነው ገዢ እንመለስ። አደኑ በቀን ከሆነ፥ ተኩሱም ከሁለት መቶ ሜትር የማያልፍ ከሆነ፥ መካከለኛውን መነጽር ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ በጠንካራ ማሰሪያና በብዙ ጥይት ላይ ቢያውለው፥ ያንንም ጥይት ወደ አውሬ ከመውጣቱ በፊት በዒላማ ላይ ቢጨርሰው ይሻለዋል እንላለን። በደጋ ጉም ወይም በደን ጨለማ የሚያድን ከሆነ ግን ውዱን መግዛቱ ሊያስወቅሰው አይገባም። የትኛው እንደሆነ ካላወቀ ደግሞ ነጋዴውን ይቅርታ ጠይቆ ይውጣና፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ተመልሶ ሁለቱን መነጽሮች በዚያው በር ላይ ወደዚያው ዛፍ ያንሣቸው። ነጋዴው በዚያን ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ከቈየው ገንዘቡ እስከ ማግስቱ በኪሱ ይደር።